የዝንጀሮ ራሶቹን ማን ቆጠራቸው?

 

ባለፈው ሳምንት እዚህ ገጼ ላይ አንድ የድሮ ሥዕል ለጥፌ ነበር። የአክሱም ሐውልት ነው፤ በጥቁር መስመር ብቻ የተሠራ፣ ከጎኑ ትልቅ ዛፍ ያለበት። "ይሄ ፎቶ ነው ወይስ በእጅ የተሳለ?" ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። አንዱ ጉደኛ ደግሞ "ቲቸር፣ ሰው ኔትወርክ ሲያገኝ ኳስ ያያል፣ አንተ የሞቱ ፈረንጆች መጽሐፍ ታወርዳለህ" ብሎኛል። እውነቱን ነው፣ አልከራከርም። ባኮ ላይ ኔትወርኩ ደህና የሚሆነው ሰው ሲተኛ ነው፤ እኔም በነፃ የሚገኙ የድሮ መጻሕፍትን ሌሊት ሌሊት አወርዳለሁ። ለጥያቄያችሁ ግን በሁለት መስመር የሚያልቅ መልስ የለኝም። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሥዕሉ ፎቶ አይደለም። በቀጥታ በእጅ የተሳለም አይደለም። አንድ ሰው ቦታው ድረስ ይሄድና በእርሳስ ወይም በቀለም ይስለዋል። ሥዕሉ በመርከብ ለንደን ይገባል። እዚያ ደግሞ አክሱምን በሕልሙ እንኳ አይቶ የማያውቅ ሌላ ባለሙያ ያንኑ ሥዕል መዳብ ወይም እንጨት ላይ በሹል ብረት ይቀርጸዋል። ከዚያ ቀለም ይቀባና ወረቀት ላይ ይታተማል።

በመዳብ ሲሆን መስመሩ ተቆፍሮ ይገባል፤ ቀለሙ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል፤ ወረቀቱ በኃይል ሲጫነው ይመጠዋል። በእንጨት ሲሆን ተቃራኒው ነው። ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበት ቦታ ሁሉ ተፈልፍሎ ይወጣና መስመሩ ብቻ ብቅ ብሎ ይቀራል። የቀበሌ ማኅተም አስቡ፤ እሱው ነው። እንደ ማኅተም ስለሆነም ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ።

መዳቡ ለብቻው በሌላ ማሽን መታተም ስላለበት ውድ ነበር። እንጨቱ ግን ቁመቱ ከእርሳስ ፊደሎቹ ጋር እኩል ተደርጎ ስለሚሠራ ከጽሑፉ ጋር አንድ ላይ ይታተማል። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901) የእንግሊዝ መጽሐፍና ጋዜጣ በሥዕል የተጥለቀለቀበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ ተጀመረ፤ ዜናውን ከሥዕል ጋር ነበር የሚሸጠው። የሚቀረጸው እንጨት ቦክስውድ ይባላል፤ በጣም ጠንካራ ነው፣ ግንዱ ግን ቀጭን ነው። ስለዚህ ትልቅ ሥዕል ከተፈለገ ብዙ ቁራጭ እንጨት ከኋላው በብሎን ይታሰራል። ዜናው ካስቸኮለ ብሎኑ ይፈታና ቁራጮቹ ለተለያዩ ሠራተኞች ይከፋፈላሉ። አንዱ ሰማዩን፣ አንዱ ግድግዳውን፣ አንዱ ፈረሱን ሲቀርጽ ያድራል። ጠዋት መልሰው ያስሩታል። አንዳንዱን ገጽ ዙም ስታደርጉት መገጣጠሚያው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። የስልካችሁ ስክሪን አልተሰነጠቀም፣ አትደንግጡ።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል?

አክሱምን ክፍል ውስጥ ሳስተምር የምንጠቀምበት ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፣ ደግሞ ተደርጎ ጠቁሯል። ሐውልቱ የተቃጠለ ግንድ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ከስልኬ ላይ የድሮውን ሥዕል እያየሁ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሳልኩት። በሩን፣ መስኮቶቹን፣ በየፎቁ መካከል የተደረደሩትን ክብ ክብ ነገሮች እየሳልኩ ሳለ አንዲት ተማሪዬ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ እነዚህ ክቦች ምንድን ናቸው? ዝም ብለው ጌጥ ናቸው?" አለችኝ።

ጥያቄዋ ቀላል ይመስላል አይደል? ፈረንጆቹ ግን ሐውልቱን መሳል ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ነው በደንብ ለክተው የመለሱት።

ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1770 አክሱምን አየ፤ በ1790 መጽሐፉን ሲያሳትም የሐውልቱን ሥዕል አስገባ። ከእሱ በኋላ ሄንሪ ሶልት በ1805 መጣ። ሶልት ሥዕል የተማረ ሰው ነበር። የብሩስን ሥዕል ከቆመው ሐውልት ጋር አስተያይቶ "ይሄ ትክክል አይደለም" ብሎ ተቸው፤ የራሱንም ሳለ። የሶልት ሥዕል በ1809 ታተመ፤ ከዚያ በኋላም ዓለም አክሱምን ያወቀው በአብዛኛው በእሱ ዓይን ነው። ሁለቱም ከቪክቶሪያ በፊት ናቸው። በእሷ ዘመን ግን የእነሱ ዓይነት ሥዕሎች ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተቀዱ እንደገና ይቀረጹ ነበር። ቀራጩ ሥዕሉን እንጂ ድንጋዩን አላየም። ክብ የሆነውን አራት ማዕዘን ቢያደርገው፣ ወይም አንድ ረድፍ ቢዘል፣ ማን ያርመዋል?

ከዚህ የሚመጣውን ችግር በአንድ ሰው ላሳያችሁ። ጄምስ ፈርጉሰን በቪክቶሪያ ዘመን የዓለምን የሕንፃ ታሪክ የጻፈ ትልቅ ሰው ነው። ወጣት ሳለ ሕንድ ውስጥ ነጋዴ ነበር፤ የሕንድን ቤተ መቅደሶች ዞሮ ያየ፣ የሳለ። አክሱምን ያወቀው ግን በመጽሐፍ ነው። ሥዕሉን አይቶ ምን አለ መሰላችሁ? ሐሳቡ የግብፅ ነው፣ ዝርዝሩ የሕንድ ነው፣ ይሄ ባለ ዘጠኝ ፎቅ የሕንድ ቤተ መቅደስ ነው አለ። የሚያውቀውን አየበት። ባለአገሩን የመጠየቅ ዕድልም አልነበረውም፤ ያለው ወረቀት ነው።

አየር ላይ ላለመቅረት አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1856፣ ኦወን ጆንስ የሚባል አርክቴክት የዓለምን ጌጥ ሁሉ ሰብስቦ በ100 ባለ ቀለም ገጾች አሳተመ። ያ በእንጨት ሳይሆን በድንጋይ ላይ የታተመ ነው፤ እጅግ ያምራል። የግብፅ ምዕራፍ አለው፣ የግሪክ አለው፣ የፋርስ፣ የሕንድ፣ የቻይና አለው። የኢትዮጵያ ምዕራፍ የለውም። ይሄን የማነሳው ለማልቀስ አይደለም። በጥንቃቄ የተሳለ ነገር መጽሐፍ ውስጥ ይገባል፣ ያልተሳለው ቀረ፤ ነገሩ ይሄው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ መቅደላ ሲዘምት ዊሊያም ሲምሰን የሚባል ሠዓሊ ለዚያ ጋዜጣ እየሳለ አብሮ መጣ። ሲምሰን ጦርነቱን ብቻ አይደለም ያየው፤ ቤተ ክርስቲያኖቻችንንም አየ፤ አገሩ ሲመለስ ለእንግሊዝ አርክቴክቶች ማኅበር ስለ አሠራራቸው ንግግር አደረገ። ያው ጦር ከመቅደላ የዘረፋቸው የብራና መጻሕፍት ደግሞ ዛሬም ብዙዎቹ ለንደን ናቸው። ሁለቱም በአንድ ዘመቻ የሆነ ነው፤ አንዱን ሳነሳ ሌላውን መዝለል አልፈልግም። በ1893 ደግሞ ቴዎዶር ቤንት ከሚስቱ ጋር አክሱም መጣ፤ ሚስቱ ካሜራ ይዛ ነበር። በዚህ ጊዜ የእንጨት ቀራጮቹ ዘመን ወደ ማብቂያው ነው።

መልሱ የተገኘው በ1906 ነው። አፄ ምኒልክ ፈቅደውላቸው፣ በኤኖ ሊትማን የሚመራ የጀርመን ቡድን አክሱም ገባ። ከመካከላቸው ዳንኤል ክሬንከር የሚባል አርክቴክት ነበር። እነዚህ ሰዎች ሜትር ይዘው ነው የመጡት። የቆመውንም፣ ወድቆ የተሰበረውንም እየለኩ ሳሉ። ደብረ ዳሞንም አዩ። ሥራቸው በ1913 በርሊን ውስጥ ታተመ። አራት ጥራዝ ነው።

ታዲያ ክቦቹ ምንድን ናቸው? ባለሙያዎቹ "የዝንጀሮ ራስ" ይሏቸዋል። የእንጨት ጫፍ ናቸው። በድሮው የአክሱም አሠራር ግድግዳው በድንጋይ ይደረደራል፤ በየተወሰነ ከፍታ ረጅም እንጨት አግድም ይተኛል፤ ያንን እንጨት አጥብቀው የሚይዙ አጫጭር እንጨቶች ደግሞ ግድግዳውን አቋርጠው ያልፉና ጫፋቸው ወደ ውጭ ብቅ ይላል። እኛ ጭቃ ቤት ስንሠራ ማገር ቋሚውን እንደሚይዘው አስቡት። ሐውልቱ ላይ ያሉት ክቦች የእነዚያ እንጨቶች ጫፍ በድንጋይ ሲቀረጽ ናቸው። በክቦቹ ተራ በኩል አግድም የሚሄደው መስመርም የተኛው እንጨት ነው። ሐውልቱ በጠቅላላ ፎቅ ቤት ነው፤ በሩ ላይ መዝጊያው ሳይቀር ተቀርጿል። የወደቀው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ነው፣ 13 ፎቅ። ሕንድ አይደለም። የራሳችን አናጢ ነው።

ሰንሰለቱን ተመልከቱልኝ። መጀመሪያ አናጢው በእንጨት ሠራ፤ ቤቱ እንዳይፈርስ እንጂ እንዲያምር ብሎ አልነበረም። ከ1,600 ዓመት በላይ በፊት ድንጋይ ጠራቢው የአናጢውን ሥራ በድንጋይ ቀዳ። አናጢው የሠራቸው ቤቶች ፈረሱ፣ ተቃጠሉ፣ ምስጥ በላቸው። ድንጋዩ ግን ቀረ። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ላሊበላ ላይ ቤተ አማኑኤልን ከአለት የፈለፈሉት ሰዎች ያንኑ ገባ ወጣ ያለ የእንጨትና የድንጋይ ድርድር ግድግዳው ላይ ቀረጹት፤ አለት እኮ ነው፣ ምንም እንጨት አያስፈልገውም። ጌጥ የምንለው ብዙ ጊዜ የፈረሰ ቤት ትዝታ ነው። ተማሪዬን "ዝም ብለው ጌጥ አይደሉም፤ የፈረሰ ቤት ናቸው" ብዬ ነው የመለስኩላት።

አሁን ወደ ባኮ ልምጣ። ባኮን አገር የሚያውቃት በበቆሎ ነው። ቢኤች 660 የሚባለውን ዘር የዘራ ገበሬ ሁሉ የከተማችንን ስም ነው የዘራው፤ "ቢኤች" ማለት ባኮ ሃይብሪድ ማለት ነውና። በቤት አሠራር ግን ማንም አያነሳንም። ሆኖም ከአምቦ ጀምሮ በጉደር፣ በጌዶ አድርጋችሁ እስከ እኛ ስትመጡ ከመንገዱ ዳር አልፎ አልፎ አሮጌ የቆርቆሮ ቤት ታያላችሁ፤ በረንዳው የእንጨት ነው፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ያለው ጣውላ ደግሞ እንደ ነጠላ ጥለት ተቆርጦ የተንዠረገገ። አዲስ አበባም ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ሕንዶችና አርመኖች ከአገሬው አናጢ ጋር የሠሯቸው ባለ በረንዳ ቤቶች ነበሯት፤ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ሰው በስልኩ ያነሳውን ፎቶ እዚሁ ፌስቡክ ላይ አይታችኋል።

እዚህ ሰፈራችንም እንደዚያ ያለ አንድ ቤት ነበር። ባለቤቷን ሁላችንም "አዴ" ነው የምንላቸው። አምና ልጆቻቸው አፍርሰው በብሎኬት ሠሩላቸው። ልጆቹን ማንም አይወቅስም፤ ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ምሰሶውን ምስጥ በልቶታል። ጥለቱ ጣውላ ተቆራርጦ እንጀራ ተጋገረበት። ጥሩ ነዶ ነበር አሉ አዴ ራሳቸው እየሳቁ።

በኋላ ግን ውጭ አገር ያለች ልጃቸው "የቤታችንን ሥዕል ፈልጉልኝ" ብላ ደወለች። ቤቱ ሁሉ ተፈተሸ። የተገኘው አንድ የሠርግ ፎቶ ነው። ከፊት ሙሽራዋ፣ በግራና ቀኝ ሚዜዎቹ፤ ከሙሽራዋ ቬሎ በላይ ከጥለቱ አንድ ሙሉ ቅጠልና የሌላው ግማሽ ይታያል። በቃ፣ ከአርባ ዓመት ቤት የተረፈው ይሄ ነው። ፎቶውን ይዘው እኔ ዘንድ መጡ፤ እኔ ደግሞ ያቺን ጠያቂ ተማሪዬን ጠራኋት፤ እጇ ከእኔ እጅ ይሻላል።

ጌጥ አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ ይደጋገማል። አንድ ሙሉ ቅጠልና የቀጣዩ መጀመሪያ ካላችሁ ርቀቱን ታውቃላችሁ፤ ርቀቱን ካወቃችሁ የቀረውን ጠርዝ ትሞሉታላችሁ። ልጅቷ በሁለት ከሰዓት በኋላ የበረንዳውን ፊት ጨረሰችው። አዴ ሲያዩት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

የተቸገርነው ማዕዘኑ ላይ ነው። ጥለቱ ጥግ ደርሶ ወደ ጎን ሲታጠፍ ምን ይመስል ነበር? ቅጠሉ በግማሹ ተቆርጦ ነው የሚታጠፈው ወይስ ሌላ ቅርጽ አለው? አዴ "አበባ ነበረበት" አሉ። ወንድማቸው "የምን አበባ! ጣውላው ዝም ብሎ ነበር የሚገጥመው" አሉ። ሁለቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ በሥሩ ሲያልፉ ኖረዋል። ፎቶው ላይ ማዕዘኑ የለም። የሠራው አናጢም አርፏል።

ልጅቷ "ቲቸር፣ አበባ ልሥራበት? ያምራል" አለችኝ። እኔም ስለ ለንደኑ ቀራጭ ነገርኳት። እሱ ባዶ ቦታ መተው አይችልም ነበር፤ ገጹ መሙላት አለበት፣ ጋዜጣው ነገ ይወጣል፣ ስለዚህ ያላየውን ይሞላል። እሱ የሞላውን ደግሞ ሌላው እንደ ማስረጃ ይይዘዋል፤ ፈርጉሰንን ያየ ይጠንቀቅ። አንቺ ግን አላየሽውም፤ እኔም ልብ ብዬ አላየሁትም፤ ስለዚህ ባዶውን ተዪው። ተወችው። ሥዕሉ አሁን አዲሱ ሳሎን ግድግዳ ላይ በፍሬም ተሰቅሏል፤ ጥጉ ላይ በነጠብጣብ የተከበበ ነጭ ቦታ አለው። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እሱ ነው። አዴና ወንድማቸውም እንግዳ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ይከራከራሉ።

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተርና ሜትር ይዘው አብረውኝ ይዞራሉ። አሮጌ ቤት ብቻ አይደለም የምንስለው። የብየዳ ቤቶቹን የብረት በር እንስላለን። እስቲ ሰፈራችሁን አስቡ፤ የጦር ጫፍ የሚመስል፣ ልብ የሚመስል፣ እንደ ቀንድ የተጠቀለለ ብረት ያለበት በር ስንት አለ? አንዱን በያጅ "ይሄን ቅርጽ ከየት አገኘኸው?" ብዬው "ባርሲሳ፣ እኔ ከአለቃዬ ነው ያየሁት፤ እሱ አምቦ ሲሠራ ከሌላ ሰው ነው ያየው" አለኝ። በቪክቶሪያ ዘመን የብረት ፋብሪካዎች የበርና የአጥር ቅርጻቸውን በተቀረጸ ሥዕል አሳትመው በካታሎግ ለዓለም ይሸጡ ነበር፤ የጦር ጫፍና ጥቅልል ብረት በእነዚያ ካታሎጎች ሞልቷል። የባኮው በር ከዚያ መጣ አልልም፤ ማስረጃ የለኝም። የእኛው በያጅ ግን ካታሎግ የለውም፤ ካታሎጉ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። እሱ ሥራውን ቢተው አብሮት ይሄዳል። ከፎቶ ይልቅ ለምን ትስላላችሁ ለምትሉኝም፦ ፎቶ ሳትቆጥሩ ማንሳት ትችላላችሁ፤ ሳትቆጥሩ መሳል ግን አትችሉም። ሁለቱም ይኑሩ፤ ፎቶ ብቻውን ግን ሚዜዎቹ ይከልሉታል።

ስለዚህ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የቤት ሥራ አለባችሁ። አዎ፣ ተመርቃችሁም ወልዳችሁም ቢሆን! ካላችሁበት ቦታ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ የጣሪያ ጥለት ምረጡ። መሳል አልችልም አትበሉ፤ ማስመሪያና እርሳስ ይበቃል። አንዱን ቅርጽ ከዳር እስከ ዳር ለኩት፣ ስንቴ እንደሚደጋገም ቁጠሩ፣ ማዕዘኑ ላይ ምን እንደሚሆን ለይታችሁ እዩ። የሠራውን ሰው ካገኛችሁት ፈቃዱን ጠይቃችሁ ስሙን ጻፉበት፤ ከተማውንና ዓመተ ምሕረቱን አትርሱ። ያላያችሁትን ባዶ ተዉት።

ጨርሳችሁ ኮሜንት ላይ ለጥፉልኝ። ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር አንድ በአንድ እናያቸዋለን።